«ዶክተር፣ የቋንቋዋ ቦታ ሞቷል ማለት ነው?»

ቤተሰብ የኤምአርአይ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሣና ነጣ ያለችውን ነጥብ በጣቱ እየነካ ይሄን ይጠይቀኛል። የነርቭ ሐኪም ነኝ። መልሱን መደጋገም ሰልችቶኛል፤ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ስለ አንጎል ከሚወሩት ስህተቶች ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። «ከአንጎላችን 10 በመቶውን ብቻ ነው የምንጠቀመው» ሐሰት ነው። «የግራኝ ሰው ቋንቋ በቀኝ አንጎሉ ነው» የሚባለውም ለአብዛኞቹ አይሠራም፤ ከ10 ግራኞች 7ቱ ያህል እንደ ሌላው ሰው በግራው ነው የሚጠቀሙት።

በቀለም የተቀባ የአንጎል ምስል አይተው «ቀይ የሆነው ቦታ ሲሠራ ሌላው ተኝቷል» የሚሉም አሉ። ማሽኑ ቀለም አያይም። ፈንክሽናል ኤምአርአይ (አንጎልን ሥራ ላይ እያለ የሚያነሣው ምርመራ) የሚለካው ደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን የሚያመጣውን ለውጥ ነው። ሰውየው ቃል ሲያስብ የተለካው፣ ዝም ብሎ ተኝቶ ከተለካው ጋር ይነጻጸራል። ልዩነቱ የጎላበትን ቦታ ኮምፒውተሩ ይቀባዋል። ያልተቀባውም እየሠራ ነው።

የሚያንገበግበኝ ግን «ቋንቋ አንድ ቦታ ላይ ተቀምጧል» የሚለው ነው። ነገሩ የቆየ ነው። በፈረንጆቹ 1861 ፓሪስ አጠገብ ሌቦርኝ የሚባል በሽተኛ ነበር፤ ምንም ቢጠየቅ መልሱ «ታን፣ ታን» ነው። ሲሞት ሐኪሙ ፖል ብሮካ አንጎሉን አይቶ በግራ በኩል ከፊት ለፊት ጉዳት አገኘ። ቦታው በስሙ ተጠራ፤ «የንግግር ቦታ» ተብሎም ቀረ። ደግነቱ ብሮካ አንጎሉን አልቆራረጠውም፤ ሙሉውን አስቀመጠው። ከ140 ዓመት በላይ ቆይቶ ተመራማሪዎች ያንኑ አንጎል ኤምአርአይ አነሡት። ውጤቱ በፈረንጆቹ 2007 ወጣ። ጉዳቱ ከላይ ከሚታየው እጅግ ያልፋል፤ ወደ ውስጥ ዘልቆ፣ የአንጎል ክፍሎችን የሚያገናኙትን የነርቭ መስመሮች ጭምር በልቷቸዋል። ሰውየውን ዝም ያሰኘው ያቺ አንዲት ቦታ ብቻ አልነበረችም።

ይሄ ስህተት ሰው ይጎዳል። አንዲት እናት ስትሮክ መቷቸው የልጃቸውን ስም መጥራት አቃታቸው። ልጆቹ ፊልሙን አይተው «በቃ፣ አእምሮዋ ሄዷል» አሉ። አጠገባቸው ቆመው ስለ ቤቱ ሽያጭ ያወራሉ። የእናትየው ዓይን እንባ አቅርሯል። ጠጋ ብዬ «አባታችን ሆይ» ብዬ ጀመርኩላቸው። እስከ «አሜን» ድረስ ወረዱት! ለዘመናት በቃል የተያዘ ጸሎትና ዜማ፣ ተራ ንግግር ሲዘጋም ሊወጣ ይችላል። የተናገርነውንም ይሰሙና ይረዱ ነበር።

እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ቴሌቪዥኑን አጥፉት። በአጭር በአጭሩ አናግሩት፤ «አዎ» ወይም «አይ» የሚያስብል ጥያቄ ጠይቁት። ቃሉን ከአፉ አትንጠቁት፤ ጠብቁት። የንግግር ሕክምና ካገኛችሁ ቶሎ አስጀምሩት።

የዚያን ቀን ትልቁ ልጅ ፊልሙን ወንበር ላይ አስቀምጦ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እማዬ፣ ቡና ላምጣልሽ?»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያም በሁለት ጣታቸው ምልክት ሰጡት፤ ስኳር ሁለት።