«አንደኛ እሳት፣ ሁለተኛ አፈር፣ ሦስተኛ እጅ»፦ የጃፓን ሸክላ ሠሪዎች አባባልና የሃማዳ ሾጂ ሕይወት

የጃፓን ሸክላ ሠሪዎች ከአፍ ወደ አፍ የሚቀባበሉት አባባል አለ፤ «ኢቺ ያኪ፣ ኒ ትሱቺ፣ ሳን ሳይኩ»። አንደኛ እሳት፣ ሁለተኛ አፈር፣ ሦስተኛ የእጅ ሥራ ማለት ነው። የሙያው ሰዎች አንድን ዕቃ የሚመዝኑት በዚህ ተራ ነው። መጀመሪያ፣ አቃጠሉ እንዴት ነበር? ቀጥሎ፣ ጭቃው ከየት መጣ? የሠሪው እጅ የሚነሳው ከዚያ ወዲያ ነው።

ነገሩ መጀመሪያ ግር ይላል። ሸክላ ሠሪ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው በጭቃ የተለወሰ እጅ ነው። ያ እጅ እንዴት መጨረሻ ይሆናል? አንዳንዱ ሰው «ትሕትና ነው፣ ጃፓኖች ራሳቸውን ዝቅ ማድረግ ይወዳሉ» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን አባባሉ ከትሕትና ጋር ብዙ ጉዳይ ያለው አይመስለኝም። ሥራው የቱ ጋ እንደሚበላሽ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ንግግር ነው።

እንጀራ የጋገረ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ሊጡ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ጋጋሪዋ የቱንም ያህል ብትሠለጥን፣ ምጣዱ ካልሰማ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ሸክላ ላይ ግን ጣጣው ይብሳል። አንድ እንጀራ ቢበላሽ ሌላ ይጋገራል። ሸክላ ሠሪው የወራት ልፋቱን ባንድ ጊዜ ነው እሳት ውስጥ የሚከተው።

የድሮው የጃፓን ትልቅ ምድጃ «ኖቦሪጋማ» ይባላል። ዳገት ላይ የተደረደሩ፣ እርስ በርስ የተያያዙ ክፍሎች አሉት። እሳቱ ከታች ይለኮስና ሙቀቱ ወደ ላይ እየወጣ ቀጣዩን ክፍል ያሞቃል። የታችኛው ሲበቃው በሚቀጥለው ክፍል ጎን ባለች ቀዳዳ ቀጫጭን የጥድ ፍልጥ ይወረወራል። እንዲህ እየተባለ ተራ በተራ ዳገቱ ይወጣል። ሙቀቱ ከ1200 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። እንቅልፍ የለም። ሠራተኛው በቀዳዳዋ አጮልቆ የነበልባሉን ቀለም ያያል፤ ቀይ ነው፣ ብርቱካናማ ይሆናል፣ ከዚያ ዓይን ወደሚወጋ ነጭ ይጠጋል። የጥዱ አመድ እየበነነ ዕቃው ላይ ያርፍና እንደ መስታወት ይቀልጣል። የት እንደሚያርፍ የሚወስን ሰው የለም። ከዚያ ምድጃው ተደፍኖ ለቀናት ይቀዘቅዛል። ሲከፈት የተሰነጠቀ አለ፣ የተጣመመ አለ፣ ከጎረቤቱ ጋር የተጣበቀም አለ። እንከን አይወጣለትም የተባለ ሳህን ገል ሆኖ ይወጣል። ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ማሰሮ ደግሞ ያልታሰበ ቀለም ይዞ ይመጣል።

ይህን አባባል የኖረበት ሰው ጥቀስ ብትሉኝ ሃማዳ ሾጂን እጠራለሁ። ሃማዳ እ.ኤ.አ. በ1894 ካዋሳኪ ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቶኪዮ በሚገኝ ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የሸክላ ሥራን ተማረ። ከመምህራኑ አንዱ ኢታያ ሃዛን ነበር፤ እንከን ያየበትን የገዛ ሥራውን በመሰባበር የሚታወቅ ሰው። ሃማዳ በ1916 ተመርቆ ኪዮቶ በሚገኘው የከተማዋ የሸክላ ምርምር ተቋም ተቀጠረ። እዚያ ከጓደኛው ከካዋይ ካንጂሮ ጋር ወደ 10,000 የሚጠጉ የቅብ ሙከራዎችን ሠሩ። ቅብ የምለው ዕቃው ላይ ፈስሶ፣ እሳት ውስጥ ቀልጦ የሚያብረቀርቀውን ሽፋን ነው። ሰውየው ሲጀምር የቤተ ሙከራ ሰው ነበር ማለት ነው። ሚዛን፣ ዱቄት፣ ቁጥር።

በ1920 ከእንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ከበርናርድ ሊች ጋር እንግሊዝ አገር፣ ኮርንዎል ውስጥ ወዳለችው የባሕር ዳርቻ ከተማ ወደ ሴንት አይቭስ ሄደ። እዚያ የጃፓን ዓይነት ባለ ዳገት ምድጃ ሠሩ። በምዕራቡ ዓለም የመጀመሪያው ነው ይባላል። እውቀትም እጅም አላነሳቸውም። ችግሩ ሌላ ነበር። እንጨት እንደ ልብ አይገኝም። የአካባቢው ጭቃ አልታዘዝ ይላል። ምድጃው ራሱ አስቸገራቸው፤ በኋላ ማትሱባያሺ ትሱሩኖሱኬ የሚባል የሸክላ ሠሪ ቤተሰብ ልጅ ከጃፓን ሄዶ አዲስ ሠራላቸው። አባባሉን በተግባር ማየት የፈለገ ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም። ሁለት ጎበዞች፣ እሺ የማይል እሳትና እሺ የማይል አፈር።

ሃማዳ በ1923 ለንደን ላይ ኤግዚቢሽን አሳየ። በዚያው ዓመት ቶኪዮና አካባቢዋን ትልቁ የመሬት መንቀጥቀጥ መታ። በ1924 ወደ አገሩ ሲመለስ ዋና ከተማዋን ትቶ ወደ ማሺኮ አቀና። ማሺኮ ከቶኪዮ በስተ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ቶቺጊ በሚባለው ክፍለ ሀገር የምትገኝ የገጠር ከተማ ናት። ሸክላ ሥራ የተጀመረባት በ1853 ነው። የምትሸጠውም የውሃ ጋን፣ የሻይ ጀበና፣ የወጥ ቤት ሳህን ነበር። የስም ዕቃ የሚሠራባት ቦታ አልነበረችም።

አፈሩም የሚያኮራ አይደለም። አሸዋ ይበዛበታል፣ ሸካራ ነው። ስስ ሲኒ ልሥራ የሚል ሰው ይናደድበታል። ሃማዳ ሌላ ቦታ የተሻለ ጭቃ እንዳለ አሳምሮ ያውቃል፤ የተማረው እኮ ይህንኑ ነው። ቢሆንም ያንኑ የማሺኮ አፈር ይዞ ወፍራም፣ ደልደል ያለ ዕቃ ሠራ። ቅቡንም ከዚያው አካባቢ ወሰደ። አሺኑማ ከሚባል ቦታ የሚወጣ ድንጋይ ተፈጭቶ «ካኪ» የሚባለውን ብርቱካናማ ፍሬ ሲበስል የሚመስል ቀይ ቡናማ ይሰጣል። የሩዝ ገለባ አመድ ወተት የመሰለ ነጭ ይሰጣል። 10,000 ሙከራ ያደረገው ሰው ዕድሜውን ሙሉ በጣት በሚቆጠሩ ቅቦች ሠራ። ከሕይወቱ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። ብዙ አውቆ ጥቂቱን መምረጥ ቀላል አይደለም።

የአባባሉ ተራ ግን በሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። ኦካያማ በሚባለው ክፍለ ሀገር ባለችው የሸክላ ቦታ በቢዘን «አንደኛ አፈር፣ ሁለተኛ እሳት፣ ሦስተኛ እጅ» ሲሉ ትሰማላችሁ። ምክንያት አላቸው። የቢዘን ዕቃ ቅብ የለውም። ጭቃው ከሩዝ ማሳ ሥር ተቆፍሮ ይወጣና ለዓመታት ይቀመጣል። ድንገተኛ ሙቀት ስለማይችል ለሁለት ሳምንት ያህል ቀስ እየተባለ ይቃጠላል። አፈሩ እሳቱን ያዝዘዋል ማለት ነው። ስለዚህ አንደኛና ሁለተኛ ቦታ ሊለዋወጡ ይችላሉ። ልብ በሉ፣ እጅ ግን እዚያም ከሦስተኛ ንቅንቅ አላለም።

ወደ ሃማዳ ልመለስ። ማሺኮ ላይ ባለ ስምንት ክፍል ኖቦሪጋማ ነበረው። ይህን የሚያህል ምድጃ ለምን አስፈለገህ ሲባል የመለሰው መልስ የአባባሉ ምርጥ ማብራሪያ ይመስለኛል። ትንሽ ምድጃ ቢሆን በራሴ አቅም ልቆጣጠረው እችል ነበር፤ ትልቁ ግን ከአቅሜ በላይ ስለሆነ ከእኔ የሚበልጥ ኃይል እርዳታ ያስፈልገዋል፤ እኔም በራሴ ጉልበት ከመሥራት ይልቅ በዚያ ጸጋ የሚሠራ ሸክላ ሠሪ መሆን እፈልጋለሁ ነው ያለው በአጭሩ። እሳትን አንደኛ ማድረግ ይህ ነው። እሳቱን ለማሸነፍ አልሞከረም፤ ቦታ ለቀቀለት።

እጁስ? ሦስተኛ ቦታ ላይ ያለው እጅ ሰነፍ እጅ እንዳይመስላችሁ። ሃማዳ እግሩን አጣጥፎ ይቀመጥና መንኮራኩሩን ባጭር ዱላ ገፋ ያደርገዋል። መንኮራኩሩ ዞሮ ዞሮ ሲደክም እንደገና ይገፋል። የኤሌክትሪክ ችኮላ የለም። በጃፓን ደቡባዊ ደሴት በኦኪናዋ ሳለ ያየውን የሸንኮራ አገዳ ቅጠል በጥቂት የብሩሽ ጭረት ይሥላል፤ ይህንኑ ቅጠል ለአሥርተ ዓመታት ደጋግሞ ሥሏል። ትልልቅ ሳህኖች ላይ ደግሞ ቅቡን በጭልፋ ቀድቶ፣ እጁን ወርወር አድርጎ ያፈስሰዋል። ማረም የለም፤ የፈሰሰው ፈሰሰ።

አንዴ ይህን ያየ ጎብኚ በ15 ሰከንድ ማለቁ አልዋጥ አለው። ሃማዳም «15 ሰከንድ ሲደመር 60 ዓመት ነው ብለህ አስበው» አለ። ጃፓን ውስጥ ይህም ራሱን የቻለ አባባል ሆኖ ቀርቷል። ሁለቱ አባባሎች የሚጣሉ ይመስላሉ፤ አንዱ እጅን ወደ ኋላ ይገፋል፣ ሌላው የእጅን ዕድሜ ይቆጥራል። እንደኔ ግን አይጣሉም። 60 ዓመቱ እጁን ያስተማረው ቶሎ መተውን ነው። በ16ኛው ሰከንድ ላስተካክል የሚል እጅ የእሳቱን ድርሻ ይሻማል።

ማሺኮ ከገባ በኋላ ሥራዎቹ ላይ ስሙን መጻፍ ተወ። ዕቃው የሚቀመጥበት የእንጨት ሣጥን ላይ ግን ይፈርም ነበር፤ ሰብሳቢዎች ሣጥኑን እንደ ዕቃው አጥብቀው የሚይዙት ለዚህ ነው። በ1955 መንግሥት «ሕያው ብሔራዊ ቅርስ» እየተባሉ ከሚጠሩት የመጀመሪያዎቹ ባለሙያዎች አንዱ አደረገው። በ1968 የባህል ኒሻን ተሸለመ። ስለ ሕይወቱ ሲጠየቅ መንገዴን ያገኘሁት ኪዮቶ፣ የጀመርኩት እንግሊዝ፣ የተማርኩት ኦኪናዋ፣ ያደግሁት ማሺኮ ነው ይል ነበር። በጥር 1978 በ83 ዓመቱ አረፈ።

ባለ ስምንት ክፍሉ ምድጃ በ2011ዱ የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎዳ። ተጠግኖ በ2015 እንደገና እሳት ሲገባበት፣ በዘመናችን በጋዝና በኤሌክትሪክ ማቃጠል የለመዱ የማሺኮ ሸክላ ሠሪዎች የየራሳቸውን ሥራ ይዘው መጡ። እንጨቱን ተራ ገብተው እየወረወሩ፣ የማን ዕቃ እንደሚተርፍ ሳያውቁ አደሩ።