ቻፕተር 11 ገባ ማለት ተዘጋ ማለት አይደለም

የአሜሪካው ጠመንጃ ሠሪ የሬሚንግተን ስም በተነሳ ቁጥር «ከስሯል አይደል፣ ታዲያ እስካሁን እንዴት ይሸጣል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ረጋ እንበል። ሬሚንግተን የገባበት ቻፕተር 11 በአሜሪካ የኪሳራ ሕግ አበዳሪዎች ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ንብረት እንዳይወስዱ ታግደው፣ ድርጅቱ ሥራውን እየቀጠለ ዕዳውን የሚያስተካክልበት መንገድ ነው። ንብረቱ ተሸጦ የሚከፋፈልበትና ሥራው የሚያበቃበት በአብዛኛው ቻፕተር 7 ነው።

እስከዚህ እርግጥ ነው። የቻፕተር 11 መጨረሻ ግን እንደየጉዳዩ ይለያያል፤ ሬሚንግተን ራሱ ሁለት ዓይነት አይቷል (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። በ1816 የተመሠረተው ይህ ጠመንጃ ሠሪ በ2018 ገብቶ በዚያው ዓመት ዕዳውን አቅልሎ ወጣ። በ2020 ተመልሶ ገባ፤ ያኔ ግን ተበጣጥሶ ተሸጠ። የጥይት ሥራውና «ሬሚንግተን» የሚለው ስም ለቪስታ አውትዶር፣ ማርሊን የተባለው ጠመንጃው ለሩገር፣ ኒውዮርክ ኢሊየን ያለው ጥንታዊ ፋብሪካ ደግሞ ለሌላ ገዢ ሄደ። ስሙ አንዱ ጋ፣ ማሽኑ ሌላው ጋ!

የኢሊየኑ ፋብሪካ በ2024 ተዘግቷል። እሱ ግን የአዲሱ ባለቤት ውሳኔ ነው፤ ከቻፕተር 11 ጋር አታምታቱት። ስሙ ያለበት የጥይት ካርቶን ዛሬም ሱቅ ውስጥ አለ።