ሸክላው ሲሻክር ጥፋቱ የማን ነው?

የሸክላ ድምፅ ሲሻክር መጀመሪያ የሚወቀሰው ሸክላው ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የመርፌው፣ የክንዱ ወይም የገመዱ ነው።

«ሸክላው አርጅቶ ነው።»
አቧራና ጭረት የሚያሰሙት ጠቅ ጠቅታ ነው። ዘፋኙ «ሰ» እና «ሸ» ባለ ቁጥር ድምፁ የሚቀደድ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በደንብ የተያዘ ሌላ ሸክላ አጫውቱ፤ እሱም ከተቀደደ ችግሩ ያለው ማጫወቻው ላይ ነው። የመጀመሪያው ብቻ ከሻከረ ግን ቀድሞ የተጫወተበት ያለቀ መርፌ ቦዩን (መርፌው የሚሄድበትን ቀጭን መስመር) በልቶት ይሆናል፤ ይህን እጥበት አያድነውም።

«መርፌው ቀለል ካለ ሸክላው አይጎዳም።»
ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ጫናው ያነሰ መርፌ ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣ የቦዩን ግድግዳ ይለቅና ተመልሶ ሲያርፍ ይፈቀፍቀዋል። ለምሳሌ ከካርትሪጆች (መርፌውን ይዘው ክንዱ ጫፍ ላይ ከሚገጠሙት ክፍሎች) ኦርቶፎን 2ኤም ሬድ 1.8 ግራም፣ ኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95ኢ 2 ግራም ጫና ይፈልጋሉ። አንቲስኬቱን (ክንዱ ወደ መሃል እንዳይሳብ የሚይዘውን ማስተካከያ) ዜሮ አድርጉ፤ የመርፌውን መከለያ አውልቁ፤ ክንዱ ሳይወድቅም ሳይነሳም አግድም እስኪንሳፈፍ የኋላውን ክብደት አዙሩ። ቁጥር ያለበትን ቀለበት ብቻ ዜሮ ላይ አምጡ፤ ከዚያ ክብደቱን ከነቀለበቱ እስከሚፈለገው ግራም አዙሩና አንቲስኬቱንም እዚያው ቁጥር ላይ አድርሱ። ቀኙ ስፒከር ቀድሞ የሚሻክር ከሆነ አንቲስኬቱ አንሶ ሊሆን ይችላል። መርፌው ዘለለ ተብሎ ሳንቲም መጫንስ? እሱ መለካት የታከተው ሰው መላ ነው፤ ጫናው ከልክ አልፎ ቦዩን ይበላል።

«የመጨረሻው ዘፈን መሻከሩ ያለ ነው።»
ግማሽ እውነት ነው። በደቂቃ 33⅓ ጊዜ በሚዞር ትልቅ ሸክላ ላይ ቦዩ ዳር ላይ በሰከንድ 50 ሴ.ሜ. ያህል፣ መሃል አጠገብ ግን 21 ያህል ብቻ ይሄዳል፤ ድምፁ ጠባብ ቦታ ላይ ይታጨቃል። (በ1969 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የአዲስ አበባው አምሃ ሪከርድስ ያወጣቸው ዓይነት በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ትንንሽ ሸክላዎች መጨረሻቸው ላይ እንኳ ወደ 25 ሴ.ሜ. ይሄዳሉ።) ጆሮ የሚቆረቁር ከሆነ ግን ካርትሪጁ ጠማማ ተገጥሟል ብላችሁ ጠርጥሩ። ከመሃሉ 66 እና 120.9 ሚ.ሜ. ላይ ነጥብ የታተመበት መለኪያ ወረቀት አንጥፉ፤ የካርትሪጁን ሁለት ብሎኖች አላሉ፤ መርፌው ሁለቱም ነጥብ ላይ ሲያርፍ የካርትሪጁ ጎን ከመስመሮቹ ጋር ትይዩ ይሁን።

«አልማዝ አያልቅም።»
ያልቃል። ተራ ሞላላ የመርፌ አልማዝ ጫፍ ከ300 እስከ 500 ሰዓት ነው የሚያገለግለው።

«ስፒከሩ ተቀዷል።»
መጀመሪያ የማጫወቻውን ጀርባ እዩ። መምረጫ ቁልፉ «ላይን» (ማጫወቻው ራሱ ድምፁን የሚያጎላበት) ላይ ሆኖ ገመዱ አምፕሊፋየሩ «ፎኖ» (የሸክላን ደካማ ድምፅ የሚያጎላው መሰኪያ) ላይ ከተሰካ ድምፁ ሁለቴ ይጎላና ይቀደዳል። ሁለቱም ትክክል ከሆኑ የግራና የቀኝ ገመዶቹን አምፕሊፋየሩ ላይ አለዋውጡ፤ መሻከሩ ወደ ሌላው ስፒከር ከዞረ ስፒከሩ ነፃ ነው።