ፈጥነው የሚያድጉ ዛፎችና የካርቦን ክምችት በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ

በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ባሉ የተራቆቱ ተዳፋቶች ላይ ካርቦን ለማከማቸት የሚተከል ዛፍ ሲመረጥ ቀድሞ የሚታየው ከፍታ ነው። ደሴ በ2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ በ1,850 ሜትር አካባቢ ይገኛሉ። በደሴ አጠገብ ባለው የጦሳ ተራራ ግርጌ የሚያምርበት ነጭ ባሕር ዛፍ ወደ ቦርከና ሸለቆ ሲወረድ ቦታውን ለቀይ ባሕር ዛፍ ይለቃል።

ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በወሎ ተራሮች ላይ ሰፊ ተከላ የተካሄደው ግን በደርግ ዘመን፣ በ1966ቱና በ1977ቱ ረሃብ ጥላ ሥር ነበር። ገበሬው ለቀን ሥራው 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት እየተሰፈረለት እርከን ሠራ፣ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ችግኝ ተከለ። ስንዴ ሰጪው በየሪፖርቱ ሲነሳ የወሎ ገበሬ ላብ እምብዛም አይነሳም። ሥራው በትእዛዝ ስለነበር ባለቤት አልነበረውም የሚሉ አሉ፤ በ1983 የመንግሥት ለውጥ ወቅት ብዙ ደን መጨፍጨፉን በማስረጃነት ያቀርባሉ። ወሎ ቀድሞ በደን ተሸፍኖ ነበር የሚለውም አከራካሪ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ በ1937 እ.ኤ.አ. የተነሱ ፎቶግራፎችን ከ60 ዓመት በኋላ ከተነሱት ጋር ሲያስተያይ፣ በብዙ ቦታ ዛፍ ጨምሮ እንጂ ቀንሶ አላገኘም። የጨመረውም በአመዛኙ ባሕር ዛፍ ነው።

ከደረቀ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ሥሩም አፈሩን እንደያዘ ይቆያል። ግንዱ ማገዶ ከሆነ ካርቦኑ ወዲያው ወደ አየር ይመለሳል፤ ለቤት ቋሚና ማገር ከዋለ ግን ለዓመታት ይቆያል። ችግሩ ከዛፉ ሥር ነው፤ የረገፈው ቅጠል ለምጣድ ማገዶ ተጠርጎ ስለሚወሰድ የክረምቱ ዝናብ ራቁቱን አፈር ይመታል፣ ብስባሽ ሊሆን የሚገባውም ካርቦን በእንጀራ ጭስ ይወጣል።

ዲከረንስ የተባለው ፈጥኖ አዳጊ የግራር ዝርያ ናይትሮጅን ለአፈሩ ይሰጣል፤ የፈረንጅ ጥድ ቶሎ ያድጋል፣ ከተቆረጠ ግን አያቆጠቁጥም። የሐበሻ ጥድና ወይራ ዝግተኞች ቢሆኑም እንጨታቸው ጥቅጥቅ ያለና ብዙ ዘመን የሚቆይ ነው። ጉቶና ሥር በሕይወት ባለበት ተዳፋት ደግሞ ከብት መከልከልና ከጉቶው የሚያቆጠቁጠውን እየመረጡ መግረዝ ይበቃል፤ በወላይታ ሁምቦ 2,700 ሄክታር ያህል ተራራ ያገገመው በዋነኛነት በዚህ መንገድ ነው።