ጂም ቶርፕ፦ በሁለት ስፖርት እንጀራውን የበላው ሰው

ጂም ቶርፕ ሲባል ብዙው ሰው ትዝ የሚለው የ1912ቱ የስቶክሆልም ኦሎምፒክ ነው፣ ፔንታትሎንም (አምስት ውድድር በአንድ) ዲካትሎንም (አስር ውድድር በአንድ) ላይ ወርቅ የወሰደበት። ግን ሰውዬው ከዛ በኋላ ለዓመታት ሙቀት ሲሆን ቤዝቦል፣ ብርድ ሲገባ የአሜሪካን ፉትቦል እየተጫወተ ደሞዝ ሲበላ ነው የኖረው፣ እኔ እንደውም ይሄኛው ታሪኩ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ዛሬ ኦክላሆማ በሚባለው አካባቢ የተወለደ፣ ሳክ ኤንድ ፎክስ የሚባል የአሜሪካ ነባር ተወላጆች ጎሳ ልጅ ነው፣ የተማረው ፔንስልቬንያ ካርላይል በሚገኘው የነባር ተወላጆች አዳሪ ትምህርት ቤት። እዛ እያለ በ1909 እና 1910 ኖርዝ ካሮላይና ሄዶ ትንሽ ሊግ ውስጥ ለሳንቲም ያህል ክፍያ ቤዝቦል ተጫወተ። ሌሎች የኮሌጅ ልጆችም ይሄንኑ ያደርጉ ነበር፣ ግን በውሸት ስም፤ እሱ በገዛ ስሙ ተጫወተና በ1913 አማተር (በስፖርት ገንዘብ የማያገኝ) አልነበርክም ተብሎ ሜዳሊያዎቹን ተነጠቀ፣ ኦሎምፒክ ያኔ ለአማተር ብቻ ነበርና። በውጤቱ ላይ አቤቱታ የሚቀርብበት 30 ቀን ደግሞ ያኔ ድሮ አልፎ ነበር! ከሞተ ከ29 ዓመት በኋላ በ1982 ከሌሎች ጋር እኩል አሸናፊ ነህ ተባለ፣ ብቸኛ አሸናፊነቱ የተመለሰለት ግን በ2022 ነው።

በዛው በ1913 የቤዝቦል ክለቡ ኒውዮርክ ጃያንትስ አስፈረመው፣ አሰልጣኙ ጆን ማግሮው ግን ብዙውን ጊዜ ቤንች ላይ ነው ያስቀመጠው። በ1917 ለሲንሲናቲ ሲጫወት አንድ የማይረሳ ጨዋታ አለ፣ ቺካጎ ላይ የሁለቱም ቡድን ኳስ ወርዋሪዎች ዘጠኝ ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ሙሉ አንድም ሂት (መቺውን ቤዝ የሚያደርስ ምት) ሳይሰጡ ቆይተው አስረኛው ላይ ቶርፕ አጭር ኳስ መቶ ብቸኛዋ ነጥብ እንድትገባ አደረገ፣ 1 ለ 0። በ1919 ቦስተን ገብቶ በደንብ ሲያጫውቱት አቬሬጁ (ከምት ሙከራዎቹ የተሳኩለት ድርሻ) .327 ደረሰ፣ ጥሩ ቁጥር ነው፣ እና ያ የመጨረሻ የሜጀር ሊግ ዓመቱ ሆነ፣ ያናድዳል።

ፉትቦሉ ላይ ግን ንጉስ ነበር። በ1915 የኦሃዮው ካንተን ቡልዶግስ በጨዋታ 250 ዶላር እየከፈለ ወሰደው፣ ለዛ ዘመን ትልቅ ብር ነው፣ ኳስ ይዞ ይሮጣል፣ ይመታል፣ ያቀብላል፣ መከላከሉም ላይ አለ፣ ህዝቡም እሱን ለማየት ይጎርፍ ነበር። በ1916፣ 1917 እና 1919 ቡድኑ ሻምፒዮን ተባለ። በ1920 ዛሬ ኤንኤፍኤል የምንለው ትልቁ የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ ሲመሰረት ገና እየተጫወተ የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት አደረጉት፣ ስሙ ህዝብ ስለሚጠራላቸው። ኦሃዮ ላሩ ከተማ የነበረውንና ተጫዋቾቹ በሙሉ የነባር ተወላጆች የሆኑበትን ኦራንግ ኢንዲያንስንም በ1922 እና 1923 እየተጫወተ አሰልጥኗል። ጫማ የሰቀለው በ1928 ቺካጎ ካርዲናልስ ውስጥ ነው፣ አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ።