የባክቴሪያ ዕድገት ሞዴል ፓራሜትር ግምት ምንድን ነው?

ከገጠር ተጭኖ ድሬዳዋ ገበያ የሚገባ የግመል ወተት ስንት ሰዓት ሳይበላሽ ይቆያል? በቁጥር ለመመለስ የባክቴሪያውን አበዛዝ የሚገልጽ ቀመር፣ ማለትም ሞዴል፣ ያስፈልጋል። ቀመሩ ውስጥ ያሉትን ያልታወቁ ቁጥሮች ከልኬት ማውጣት የፓራሜትር ግምት ይባላል።

አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሮቹ አራት ናቸው፦ የመነሻ ብዛት፣ መራባት እስኪጀምር የሚዘገይበት ጊዜ፣ ከፍተኛው የመራቢያ ፍጥነትና የመጨረሻው ጣሪያ። እ.ኤ.አ. በ1994 ተመራማሪዎቹ ባራኒና ሮበርትስ ያወጡት ሞዴል ዛሬም በሰፊው ይሠራበታል።

ወተቱ በቋሚ ሙቀት ተቀምጦ በየሰዓቱ ናሙና ይወሰዳል፤ እያንዳንዱ ናሙና በ10 እጥፍ ደረጃ በደረጃ ተበርዞ ሳህን ላይ ይዘራል። የሚታመነው ከ25 እስከ 250 ኮሎኒ (በዓይን የሚታይ የባክቴሪያ ክምችት) የበቀለበት ሳህን ነው። ከዚያ ካነሰ አጋጣሚ ይጫወትበታል፤ ከበዛ ኮሎኒዎቹ ይደራረባሉ። ቁጥሩ ወደ ሎጋሪዝም ካልተቀየረ ደግሞ የመጨረሻዎቹ ግዙፍ ቁጥሮች ግምቱን ወደ ራሳቸው ይጎትቱታል።

ባክቴሪያው በ5 ሰዓት ከ1,000 ወደ 100,000 በሚሊሊትር ደረሰ እንበል። በ10 መሠረት ሎጋሪዝም ዕድገቱ በሰዓት 0.4 ነው። በተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም የሚለካውን ፍጥነት ለማግኘት በ2.303 ሲባዛ 0.92 ይሆናል፤ 0.693 (የ2 ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም) ለዚህ ሲካፈል በየ45 ደቂቃው እጥፍ እንደሚሆን ያሳያል። ማባዣውን መርሳት በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ ፍጥነቱን ከግማሽ በታች ያወርደዋል።

ከአራቱ አስቸጋሪው የመዘግየት ጊዜው ነው። መዘግየቱን ትንሽ አስረዝሞ ፍጥነቱን ትንሽ ከፍ ማድረግ ከሞላ ጎደል ያንኑ የዕድገት ኩርባ ይሰጣል። ስለዚህ ናሙና ሲያንስ ግምቱን የሚያሰላው ሶፍትዌር አንድ ቁጥር አውጥቶ ይሰጣል እንጂ የስህተት ወሰኑ እጅግ ሰፊ ይሆናል። ወሰኑ ያልተጻፈለት ግምት መታመን የለበትም። መፍትሔው ኩርባው መታጠፍ በሚጀምርበት ሰዓት ናሙናን ማብዛት ነው፤ ጣሪያው ላይ ሁለት ሦስት ነጥብ ይበቃል። ሶፍትዌሩ ስሌቱን የሚጀምርባቸው የመነሻ ግምቶችም ከግራፉ ተነበው ይገባሉ፤ በተለያየ መነሻ ተሞክሮ መልሱ ከተለዋወጠ መረጃው አልበቃም ማለት ነው። መዘግየት የባክቴሪያውን ታሪክም ይከተላል፦ ከቀዝቃዛ ቦታ የመጣው ይዘገያል፤ በታጠነ ዕቃ የተለካውም ለፕላስቲክ ጀሪካን አይሠራም።

በሐረር ቅዝቃዜ የተለካ ፍጥነት ለድሬ ቀትር አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1982 ተመራማሪዎቹ እነ ራትኮውስኪ የፍጥነቱ ስኩዌር ሩት ከሙቀት ጋር በቀጥታ መስመር እንደሚጨምር አሳይተዋል። በ15፣ 20፣ 25፣ 30 ዲግሪ ለክቶ መስመሩን መሳል ይቻላል። ነገር ግን ባክቴሪያው ከሚመቸው ሙቀት በላይ ፍጥነቱ ስለሚወድቅ፣ ፀሐይ ላይ ለቆመ መኪና መስመሩን ዝም ብሎ ማስረዘም አይቻልም፤ እዚያው ሙቀት ላይ መለካት ግድ ነው።