በሌሊት ፓርክ ውስጥ ብስክሌት መንዳት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሲመሽ የከተማ ፓርክ ጠባዩ ይለወጣል። ኳስ ተጫዋቹ ወደ ቤቱ ገብቷል፣ ሕፃናቱ የሉም፤ ብስክሌት የያዘ ሰው ያ ሁሉ መንገድ ለእሱ ብቻ የተሰጠ ይመስለዋል። ይህን ደስታ የማያውቀው ደግሞ «በዚህ ጨለማ ምን ሊያገኝ ነው?» ይላል። እንደኔ እንደኔ ስለ አደጋው ሲወራ ሁለቱም ይስታሉ። አንዱ ጨለማውን ይፈራል፣ ሌላው ምንም አይፈራም፤ ሰውን የሚጥለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የገዛ ፍጥነቱና የገዛ መብራቱ ነው።

«መብራቱ በበረታ ቁጥር ይሻላል»

የብስክሌት መብራት የሚሸጠው በሉመን ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲበልጥ ገዢው ይደሰታል። ሉመን ግን መብራቱ በጠቅላላው ምን ያህል ብርሃን እንደሚያወጣ እንጂ ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ አይናገርም። የብዙዎቹ መብራቶች ጨረር ክብ ነው፤ ከፊሉ መንገዱ ላይ ያርፋል፣ የቀረው ወደ ዛፉ ቅጠልና ወደ መጪው ሰው ዓይን ይሄዳል። የፓርክ መንገድ ጠባብ ስለሆነ ከፊት የሚመጣው እግረኛ በአንድ ክንድ ርቀት ነው የሚያልፈው። ዓይኑ የተጥበረበረ ሰው ደግሞ ወዴት እንደሚሸሽ አያውቅም፤ አንዳንዴ ወደ ጎማው ይገባል።

ለዚህ መፍትሔው የታወቀ ነው። የመኪና አጭር መብራት ከላይ ተቆርጦ ወደ መሬት እንደሚያርፈው ሁሉ፣ የላይኛው ጠርዙ የተቆረጠ ጨረር ያላቸው የብስክሌት መብራቶች አሉ፤ በጀርመን ሕጉ ራሱ መጪውን የማያጥበረብር መብራት ይጠይቃል። እንዲህ ያለውን ያላገኘ ሰው የያዘውን ወደ ታች ማዘንበል ይችላል፦ የጨረሩ ደማቅ ክፍል ከ10 እስከ 15 ሜትር ርቀት ላይ መሬት ይንካ። ሰው ሲመጣ ብርሃኑን መቀነስ ወይም በእጅ ጋረድ ማድረግም ያው ጨዋነት ነው።

ኃይለኛ መብራት የሚጎዳው ግን ሌላውን ብቻ አይደለም። ዓይናችን በጨለማ የሚያየው በሬቲና (ከዓይን ጀርባ ባለው ብርሃን ተቀባይ ንጣፍ) ላይ ባሉት ዘንግ መሰል ሕዋሳት ነው፤ እነዚህ ጨለማውን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል። ያ ሁሉ ትዕግሥት በሰከንዶች ደማቅ ነጭ ብርሃን ይጠፋል። ስለዚህ ከፊቱ ነጭ ክብ ዘርግቶ የሚሄድ ብስክሌተኛ ክቡን ጥርት አድርጎ ያያል፣ ከክቡ ውጪ ያለው ሁሉ ግን ለእሱ የለም። ከቁጥቋጦው ጀርባ የሚወጣው ውሻ ደግሞ የሚመጣው ከክቡ ውጪ ነው። ጭጋግ ካለማ ይብሳል፤ ብርሃኑ ከእያንዳንዷ የውሃ ቅንጣት እየተመለሰ ፊት ለፊት ግድግዳ ይሠራል።

እግረ መንገዴን፦ እነዚህ ሕዋሳት በሬቲናው መሐል የሉም። በጨለማ ደብዘዝ ያለ ነገር አፍጥጠው ሲያዩት የሚጠፋው፣ ትንሽ ወደ ጎን ሲያዩ ደግሞ ብቅ የሚለው ለዚህ ነው።

«አንጸባራቂ ሰደርያ ከለበስኩ ሁሉም ያየኛል»

መኪና ባለበት መንገድ ላይ ይህ በአብዛኛው ትክክል ነው። ፓርክ ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አንጸባራቂው ብርማ ጨርቅ የራሱ ብርሃን የለውም፤ የመጣበትን ብርሃን ወደ መጣበት አቅጣጫ መልሶ ይልካል። ስለዚህ የሚጠቀመው መብራቱ ከዓይኑ አጠገብ ያለ ሰው ነው፣ ማለትም የመኪና ሹፌር፣ መብራት የያዘ ሌላ ብስክሌተኛ ወይም ግንባሩ ላይ ባትሪ ያሰረ ሯጭ። ባዶ እጁን ለሚሄድ እግረኛ ያ ውድ ሰደርያ ተራ ግራጫ ጨርቅ ነው። ቢጫ አረንጓዴው ፍሎረሰንት ክፍልም ድምቀቱን የሚያገኘው ከቀን ብርሃን ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ አብሮ ይጠልቃል።

ይህ ማለት አንጸባራቂ ይጣል ማለት አይደለም። ከተደረገ ግን ከደረት ይልቅ ቁርጭምጭሚት ላይ ቢደረግ ጥቅሙ ይበልጣል። ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጉናር ዮሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳሳየው፣ በጨለማ ውስጥ በሰው መገጣጠሚያዎች ላይ የተደረጉ ጥቂት የብርሃን ነጥቦች ሲንቀሳቀሱ ተመልካቹ ወዲያው «ሰው ነው» ይላል። ፔዳል የሚመታ እግር ላይ ያለ ነጥብም ከፍ ዝቅ ይላል፤ ያየው ሰው ብስክሌት መሆኑን ለመገመት ጊዜ አይፈጅበትም።

በራሱ የሚያበራ ነገር ግን ምትክ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ለብስክሌት የሚጠይቀው ከፊት ነጭ ወይም ቢጫ፣ ከኋላ ቀይ መብራት፣ ከኋላ ቀይ አንጸባራቂ፣ በቂ ፍሬንና የሚሰማ ደወል ነው። ለፓርክም ከዚህ የተሻለ ዝርዝር አላውቅም።

«ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ይበልጣል»

ቶሎ ዓይን ይስባል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በጨለማ ውስጥ ብልጭ ድርግም የሚል ነጥብ ምን ያህል እንደሚርቅና በምን ፍጥነት እንደሚቀርብ መገመት ያስቸግራል። በፓርክ ውስጥ ፊተኛው ሳይቋረጥ ይብራ።

«መኪና ስለሌለ እንደ ልብ መብረር ይቻላል»

ከሁሉም ብዙ ሰው የሚጎዳው ይህ ይመስለኛል። በኔዘርላንድ፣ ብስክሌት እንደ ጫማ በሚቆጠርበት አገር፣ ተጎድተው ሆስፒታል ከሚደርሱት ብስክሌተኞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ሳይጋጩ የወደቁ ናቸው። ተንሸራተው፣ ጠርዝ ገጭተው፣ ከመንገድ ወጥተው ማለት ነው። ለዚህ ሁሉ ደግሞ ሌሊት ፓርክ ምቹ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በሰከንድ 5.6 ሜትር ይጓዛል። አንድ ነገር አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 8 ሜትር አልፏል፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ሌላ 4 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ድምሩ 12 ሜትር። ፍጥነቱ 30 ሲሆን ድምሩ ወደ 21 ሜትር ያድጋል። መብራቱ 15 ሜትር ብቻ የሚያሳየው ሰው በዚህ ፍጥነት የሚሄድ ከሆነ ያየውን ነገር ገጭቶ ነው የሚቆመው። በእርጥብ ቅጠል ላይ የፍሬኑ ርቀት እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል፤ መታጠፊያ ላይ ከሆነ ደግሞ ጎማው ከሥር ይሸሻል።

ምን ይገጫል? አንደኛ፣ መኪና እንዳይገባ በመንገዱ መሐል የሚተከለው ምሰሶ። ቀን ላይ ማንም ልብ አይለውም፣ ማታ ግን በተለይ ጥቁር ወይም ግራጫ ከሆነ ከአስፋልቱ ጋር ይመሳሰላል። የኔዘርላንድ ሰዎች ለብስክሌት መንገድ በሚያወጡት መመሪያ የማያስፈልገው ምሰሶ እንዲነቀል፣ የሚቀረው ደግሞ በደማቅ ቀለም እንዲታይ ይመክራሉ፤ ፓርክ አስተዳዳሪዎች ይህን ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ሁለተኛ፣ አስፋልቱን ከሥር ገፍቶ ያነሳው የዛፍ ሥር። ከፊት የሚመጣ ዝቅ ያለ ብርሃን የእብጠቱን ጥላ ረዘም አድርጎ ስለሚያሳይ፣ መሪው ላይ ያለ መብራት ግንባር ላይ ከታሰረው ይልቅ እንዲህ ያለውን ጉድለት ያጋልጣል።

ሦስተኛው የውሻ ገመድ ነው። ባለቤቱ ከመንገዱ በአንዱ በኩል ቆሞ ስልኩን ያያል፣ ውሻው በሌላው በኩል ሣር ያሸታል፣ በመሐል አምስት ሜትር የምትዘረጋ ቀጭን ክር ተወጥራለች። ይህችን ክር የሚያሳይ መብራት የለም። የሚታየው የውሻው ዓይን ነው፤ ውሻና ድመት ከሬቲናቸው ጀርባ ብርሃን መላሽ ንጣፍ ስላላቸው ሁለት የሚያበሩ ነጥቦች ሆነው ይታያሉ። ሁለት ነጥብ በአንድ በኩል፣ ቆሞ የሚታይ ሰው በሌላ በኩል ከሆነ ገመድ አለ ብሎ መቆም ነው።

«ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሄልሜት ምን ያደርጋል?»

የአውሮፓው የብስክሌት ሄልሜት መለኪያ (ኢኤን 1078) ሄልሜቱን በጠፍጣፋ ብረት ላይ የሚፈትነው በሰዓት 19.5 ኪሎ ሜትር በሚሆን የግጭት ፍጥነት ነው። የተሠራው ቀስ ብሎ ለሚሄደው ሰው ነው ማለት ይቻላል።

«ፓርኩ የመንገድ መብራት አለው፣ ስለዚህ ይታያል»

ፋኖሶቹ ተራርቀው ከቆሙ መንገዱ ብርሃንና ጨለማ እየተፈራረቁበት የሚሄድ ይሆናል። ዓይን ለብርሃኑ በፍጥነት ይላመዳል፣ ለጨለማው ግን ይዘገያል፤ ከፋኖሱ ክበብ የወጣ ብስክሌተኛ ለጥቂት ጊዜ ከእውነተኛው ጨለማ የባሰ ጨለማ ውስጥ ይነዳል። አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው እግር የሚስተው እዚያ ነው። እንደኔ ከሆነ ፍጥነት መቀነስ ያለበት ከብርሃን ሲወጣ እንጂ ሲገባ አይደለም።

«ዋናው አደጋ ዘራፊ ነው»

ይህን ስጋት የሚያጣጥል ጽሑፍ አልወድም። ፓርክ ከፓርክ ይለያያል፣ ለብቻዋ የምትነዳ ሴት የምታሰላው ሒሳብም ከወንዱ ይለያል። ማንም ሰው የሚያስፈራውን መንገድ እንዲለምድ መገፋት የለበትም። ሌሎች ሰዎች የሚሄዱበትን መስመር መምረጥ፣ ከአንድ በላይ መውጫ ማወቅ፣ ስልኩን ሞልቶ መውጣት፣ የት እንዳሉ ለአንድ ሰው መናገር ይጠቅማል። ጎማ ቢተነፍስ ደግሞ ፋኖስ ሥር ብቻውን ቆሞ የሚጠግን ሰው ከሩቅ ይታያል፣ እሱ ግን ወደ ጨለማው ማየት አይችልም፤ ሰው ወዳለበት መግፋት ይሻላል።

ግን አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ በሌሊት ፓርክ ውስጥ የሚያስፈራው እኮ ብስክሌተኛው ራሱ ነው። ከኋላ ድምፅ ሳያሰማ ይመጣል፣ በድንገት አጠገብ ይደርሳል፣ ፊቱ አይታይም። ለብቻዋ ለምትራመድ ሴት ያ ቅጽበት ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም። ደወሉን አጠገቧ ደርሶ ማንጫረር ድንጋጤውን ይጨምራል፤ ከ20 እስከ 30 ሜትር ሲቀር አንዴ ቀስ ብሎ ማሰማት፣ ከዚያ ሰፋ ብሎ «በግራ ነኝ፣ ይቅርታ» እያሉ ማለፍ ይበቃል።

«በጨለማ የሚታይ ነገር የለም፣ ምኑ ያስደስታል?»

ደስታው በአብዛኛው ከዓይን ውጪ ነው። ሰማይ ጥርት ባለበት፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ሣሩ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፤ የቀዘቀዘው አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይፈሳል። ዛፎች ደግሞ ከሥራቸው ያለውን ሙቀት ያዝ ያደርጋሉ። ስለዚህ ከዛፍ ጥላ ወጥቶ ወደ ኩሬው ቁልቁል የሚወርድ ሰው በሁለት ፔዳል መካከል ፊቱ ላይ ቅዝቃዜ ይለጠፍበታል፣ ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ ይለቀዋል። በእግር ይህን ልዩነት ልብ የሚለው ጥቂት ነው፤ በመኪና ጨርሶ አይታወቅም። (ያው ቅዝቃዜ የእንጨት ድልድዩን በጤዛ አርሶ የሚያንሸራትት ያደርገዋል፤ ድልድይ ላይ ፍሬን አይያዝም፣ መሪም አይጠመዘዝም።)

ድምፅም ይለወጣል። ከታች ቀዝቃዛ፣ ከላይ ሞቃት አየር ሲኖር ወደ ላይ ይበተን የነበረው ድምፅ ወደ መሬት ይጎብጣል፤ የሩቅ ባቡር አጥሩ ሥር ያለ ይመስላል። ጆሮ ማዳመጫ የሰካ ሰው ይህንንም፣ ከኋላው የሚመጣውንም ያጣል። ሽታውም አለ፦ የእሳት ራት የሚያረባቸው አንዳንድ አበቦች መዓዛቸውን አብዝተው የሚለቁት ማታ ነው።

ቀለም እንኳ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል እንጂ። የቼኩ ሳይንቲስት ያን ፑርኪንየ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንዳስተዋለው፣ ብርሃን ሲደበዝዝ ቀይ ቀድሞ ይጠቁራል፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ደግሞ ነጣ ብለው ይቀራሉ። ቀን ላይ የሚጮኸው ቀይ አበባ ማታ ከቅጠሉ ይልቅ ጥቁር ነው። ለልብስም ይሠራል፤ «ቀይ ጃኬት ለብሻለሁ» የሚል ሰው ጥቁር ለብሷል ቢባል ይቀላል።

የሌሊት ወፍ ፊት ላይ ትጋጫለች የሚባለው ደግሞ ተረት ነው፤ በድምፅ ማሚቶ የምትመራ ናትና ብስክሌቱን ቀድማ ታውቃለች። ዓይን ውስጥ የሚገባው እሷ የምታድነው ነፍሳት ነው፤ ቀለም የሌለው መነጽር ማድረግ ነው።

«ማታ ስፖርት የሠራ ሰው እንቅልፍ ያጣል»

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ ቀደም ያሉ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ ሥራ የማታ እንቅስቃሴ በአጠቃላይ እንቅልፍን እንደማይጎዳ አሳይቷል፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከመኝታ በፊት ባለው የመጨረሻ አንድ ሰዓት ውስጥ ለሚደረግ በጣም ከባድ ልምምድ ነው።

«ፓርክ የሕዝብ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ነው»

አይደለም። የኒውዮርኩ ሴንትራል ፓርክ ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ዝግ ነው። የለንደኑ ሪችመንድ ፓርክ የእግረኛ በሮች ሌሊትም ክፍት የሚሆኑባቸው ወራት ቢኖሩም የአጋዘኖቹን ቁጥር ለመቀነስ በሚታደኑበት ወቅት ግን ማታ ይዘጋሉ። ስለዚህ ከመግባት በፊት የሚታየው የመግቢያው በር ሰዓት ብቻ አይሁን፤ በአንድ በር ገብተው በሌላ ለመውጣት ያሰቡ ከሆነ የመውጫውም ሰሌዳ ይነበብ፤ ሁለቱ በሮች ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት አይዘጉም።